ለአማት የሚሆን በርሜል

ፌብሩዋሪ 9፣ ሰኞ

አማት ዛሬም አልሞተችም።

አማት ዓሣ ናት። ወንድሜ ሊዮስቤል ሚስት ማግባት ሳያስብ ያወጣላት ስም ነው። ብርቱካናማ፣ ወፍራም፣ ጉንጫም ናት፤ የገንዳዋ መስታወት አጠገብ የቆመውን ሁሉ "ልጄን የሚያገባው ይሄ ነው?" በሚል ዓይን ከላይ እስከ ታች ታየዋለች። ሊዮስቤልን ዲሴምበር ላይ ከሥራ ሲመለስ የጭነት መኪና ገጨው። ልብሱን የአጎት ልጆች ተካፈሉት። ለእኔ አማትና ጥቂት ጉፒዎች ደረሱኝ። ጉፒ ጥፍር የምታክል ዓሣ ናት፤ ሥራዋ መውለድ ብቻ ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። መብራት በየቀኑ ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ የአየር ፓምፑ ይቆማል፣ ውኃው ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ከገንዳው ቀንሼ በአዲስ ውኃ መተካት አለብኝ። አዲሱ ውኃ ግን ከቧንቧ እንደወረደ ቢገባ ክሎሪኑ ይፈጃቸዋል። መጀመሪያ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ቆሞ ማደር አለበት። ሊዮስቤል ለዚህ ይጠቀምበት የነበረው በርሜል ባለፈው ሳምንት ከሥሩ ተሰነጠቀ። ቧንቧችንም ከደረቀ ቆየ። በዚህ በጋ ከተማችን ሳንቲያጎ ላይ ውኃ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው፤ ሲመጣ ዕቃ ካላገኘ ደግሞ አይጠብቅም።

እማ ጠዋት መደርደሪያው ፊት ቆማ ነበር። የሊዮስቤል ፎቶ አለ፤ ከፎቶው ፊት ለእሱ የሚቀመጥ ብርጭቆ ውኃ አለ። አክስቴ ኤልፒዲያ ማታ ማታ ትቀይረዋለች፤ ጠዋት በብርጭቆው ግድግዳ ላይ አረፋ ተለጥፎ ከተገኘ መጥቶ አድሯል ማለት ነው። እማ አረፋውን ትቆጥራለች። ካለ ቁርስ ትቀምሳለች። ከሌለ አትቀምስም። ከቀብሩ ወዲህ ቀሚሷ ስለሰፋት በመርፌ ቁልፍ ነው የምትይዘው።

ዛሬ አሥራ አንድ ነበር። ግማሽ ዳቦ በላች።

ፌብሩዋሪ 12፣ ሐሙስ

አክስቴ ኤልፒዲያ የእማ ታላቅ እህት ናት። ለቀብሩ ስትመጣ "ለአንድ ሳምንት" ብላ ነበር። ዛሬ በርሜል እንደምፈልግ ሰምታ ከጓሮ ትልቁን የዚንክ ሳፋ እየጎተተች አመጣችልኝ።

"እንካ። እናትህም እኔም የታጠብንበት ነው።"

"ብረት አይሆንም አክስቴ። ዚንኩ እየሟሟ ውኃው ውስጥ ይገባና ዓሣ ይገድላል።"

"እኛን ገደለን?"

"እናንተ ውስጡ አልኖራችሁም።"

"እናትህ አንዴ ከአባትህ ጋር ተጣልታ ግማሽ ቀን ከዚህ ሳፋ አልወጣም ብላለች። እስቲ እያት፤ ምን ሆነች?"

ሁለታችንም እማን አየናት። ያልተነካ ምግብ ፊት ተቀምጣለች። አክስቴ ሳፋውን እየጎተተች መለሰችው።

የቀለም ባልዲም አገኘሁ። ግድግዳው ላይ የደረቀ አረንጓዴ ቀለም አለ። ተውኩት። ሊዮስቤል "አንተ ልትጠጣበት የምትፈራውን ዕቃ ለዓሣ አትስጥ" ይል ነበር። እሱ ግን ራሱ ከምንም ይጠጣ ነበር።

ፌብሩዋሪ 14፣ ቅዳሜ

ከዳይሚ ጋር ጋሽ ኔልሶ ግቢ ሄድን። ዳይሚ የክፍሌ ልጅ ናት። ቀኑ የፍቅረኞች ቀን መሆኑን ከመንገድ ላይ ነው ያስታወስኩት፤ እሷም አላነሳችውም፣ እኔም አላነሳሁትም፣ በርሜል ልናይ ሄድን።

ጋሽ ኔልሶ ባዶ ዕቃ ይሸጣሉ። በርሜሎቹ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል።

"ይሄ ንጹሕ ነው ልጄ፤ ማር ብቻ ነው የነበረበት።"

ጭንቅላቴን አስገብቼ አሸተትኩ። ናፍጣ ነው።

"ጋሼ፣ ይሄን ማር የሠራው ንብ ሾፌር ነበር?" አለች ዳይሚ።

"አንቺ ልጅ፣ አፍንጫሽ ነው የተበላሸው! ያኛው ደግሞ መድኃኒት ነበረበት፤ መድኃኒት ያድናል እንጂ ይገድላል?"

"የምን መድኃኒት?"

"የአረም።"

ሦስተኛው ውስጥ ጭንቅላቴ ገባና ጆሮዬ አልወጣም አለ። ዳይሚ በርሜሉን አንኳኳች። "እዚህ ቤት ሰው አለ?" ስትል ሳቄ መጣ። በርሜል ውስጥ ሲሳቅ ድምፁ ያስተጋባል፤ በሳቄ እንደገና ሳቅኩ፣ ማቆም አቃተኝ። ጋሽ ኔልሶ በአንድ እጃቸው በርሜሉን፣ በሌላው ቀበቶዬን ይዘው ጎተቱኝ። ስወጣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየኛል።

አንዷ ሴትዮ "የዚያ የሞተው ልጅ ወንድም አይደል?" ስትል ሰማሁ።

ገና ሁለት ወሩ ነው። ምን ያስቀኛል።

በመጨረሻ ጥሩ አገኘን። ሰማያዊ፣ ክዳን ያለው፤ ከሥሩ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር አለበት፤ ምግብ የሚታሸግበት ፕላስቲክ ላይ ሊዮስቤል ያሳየኝ ምልክት ነው። ቁጥሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ ምን እንደነበረበትም ማወቅ ያስፈልጋል። ይሄኛው የሚሸተው አቼቶና የተዘፈዘፈ ዱባ ነው። ቧጨርኩት፣ ወደ ፀሐይ አዙሬ አየሁት፣ ስንጥቅ የለውም። ዳይሚ ደግሞ እናቷ ከምትሠራበት አይስክሬም ቤት ሁለት ባዶ ባልዲ አመጣችልኝ። የእንጆሪ ናቸው።

ፌብሩዋሪ 16፣ ሰኞ

አሥራ አራት አረፋ። እማ ዳቦውን በቅቤ በላች።

ከትምህርት ቤት መልስ ዕቃ አጠባ። ሳሙና ክልክል ነው፤ ፕላስቲክ ውስጥ ይደበቅና በኋላ ይወጣል። በጨውና በአቼቶ ፈተግኩት። አለቅለቅኩት። ጥቂት በረኪና ውኃ ውስጥ ጠብ አድርጌ አጠብኩት፤ እንደገና አለቅለቅኩት፤ እንደገና፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ገልብጬ አደረቅኩት። ሲደርቅ ትንሽ ሙቅ ውኃ አድርጌ ከደንኩትና ቆይቼ አሸተትኩ። በርሜሉ ምንም አይሸትም። ባልዲዎቹ ግን እንጆሪ እንጆሪ ይላሉ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አጠብኳቸው፤ ሽታው ደከመ እንጂ አልጠፋም። ፀሐይ ላይ ተውኳቸው።

አክስቴ ከበሩ ላይ ወገቧን ይዛ ታየኛለች።

"ውኃ ማስቀመጫ ለማጠብ የቀረንን ውኃ ሁሉ ጨረስከው።"

"ንጹሕ መሆን አለበት አክስቴ።"

"በሳሙና ሳይታጠብ? እናቴ ብትሰማ ከመቃብር ተነስታ በጥፊ ታጮልህ ነበር።"

"ሳሙና ዓሣ ይገድላል።"

"ዚንክ ይገድላል፣ ሳሙና ይገድላል፣ ቧንቧ ይገድላል! ይቺ ዓሣ እንዴት እስከ ዛሬ ቆየች? ባሕር ውስጥ ማን ነው በርሜል የሚያጥብላት?"

አማት የባሕር ዓሣ እንዳልሆነች ልነግራት ፈልጌ ነበር። አክስቴ ግን ገብታለች።

ፌብሩዋሪ 19፣ ሐሙስ

ውኃ መጣ! በሒሳብ ፈተና መሃል። አንድ ሰው ከአጥሩ ውጭ "መጣ! መጣ!" ብሎ ጮኸ፣ መምህሩም ሰዓታቸውን አዩ፣ የእሳቸውም ቤት እኛ ሰፈር ነው። ሆዴን አመመኝ አልኩ። ግማሹ ክፍል ሆዱን አመመው። ሮጥኩ። በርሜሉ ሞላ። ባልዲዎቹ ሽታቸው ስለለቀቀ እነሱም ሞሉ። መዳፌ ተልጧል። ሒሳብ፦ እግዜር ይሁነኝ።

ፌብሩዋሪ 22፣ እሑድ

አማት አዲስ ውኃ አገኘች። መጀመሪያ ጥግ ይዛ አኮረፈች፣ ከዚያ አንድ ዙር ዞረች፣ ከዚያ በልታ በልታ ተኛች። የሚያስፈልገኝን ብቻ ጨመርኩ፤ በአንዴ ብዙ መቀየርም ያስደነግጣቸዋል። ሊዮስቤል ይሄን ቢያይ ምን ይል ነበር። ምናልባት "ቀስ በል አንተ፣ ምንጣፉን አረጠብከው" ይል ነበር።

ጠዋት የትንኝ ተቆጣጣሪው መጣ። ቤት ለቤት እየዞረ የተቀመጠ ውኃ ሁሉ ውስጥ የትንኝ መግደያ ዱቄት የሚጨምረው ሰውዬ ነው። ማንኪያውን ይዞ ወደ በርሜሌ ሲሄድ መንገዱን ዘጋሁ።

"ይሄ ለዓሣ ነው!"

"ዓሣው የታለ?"

"ቤት ውስጥ።"

"ቤት ውስጥ ያለ ዓሣ እዚህ ያለ እጭ ይበላል? በስልክ ነው የሚበላው?"

ሮጬ ገባሁና አዲስ የተወለዱ የጉፒ ጫጩቶች በጭልፋ አምጥቼ በርሜሉ ውስጥ ለቀቅኳቸው። የዐይን ሽፋሽፍት ያክላሉ። ሰውዬው አጎንብሶ ፈለጋቸው፤ መነጽሩን አውጥቶ እንደገና ፈለጋቸው።

"እነዚህ ናቸው ትንኝ የሚበሉት?"

"ያድጋሉ።"

"ትንኙም ያድጋል።" ግን ማንኪያውን ከተተው። በሩ ጀርባ ያለው ወረቀት ላይ "ዓሣ አለ" ብሎ ፈርሞ ሄደ።

ማርች 2፣ ሰኞ

ብርጭቆው ላይ አረፋ የለም። አንድም።

እማ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ተቀመጠች። ከዚያ ተኛች።

ማርች 3፣ ማክሰኞ

የለም። ሾርባ እንኳ አልቀመሰችም።

ማርች 4፣ ረቡዕ

ዛሬም የለም። አክስቴ ምርመራ ጀመረች። ቤታችን ውስጥ ሊዮስቤልን ያስቀየመ ሰው አለ ትላለች።

"ዩስኒየል፣ ፈተናው ስንት አመጣህ?"

"አርባ አንድ።"

"ይኸው! ታናሽ ወንድሙ አርባ አንድ እያመጣ በየት ይመጣል ልጁ?"

ከሒሳብ ወደ ጎረቤት ተሻገረች፤ ከጎረቤት የሊዮስቤልን ሸሚዝ ወደ ወሰደው ወደ አጎቴ ልጅ። ሲጋር አጭሳ ጭሱን በየጥጉ ነፋች። እኔ አማት ላይ እንዳትነፋ ገንዳውን በአንሶላ ሸፈንኩ። የሚወደውን ቡና ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠች። ቤዝቦል ይሰማ ብላ ሬዲዮኑን ከፈተችለት፤ ቡድናችን ዘጠኝ ለአንድ ተሸነፈ። አክስቴ ሬዲዮኑን ዘጋችው። "ይሄን ከሰማ ጭራሽ አይመጣም" አለች።

እማ ከአልጋዋ ሆና አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። "ደክሞት ይሆናል።"

እኔ በረንዳ ወጣሁ። ምንም አላለቀስኩም። የሲጋሩ ጭስ ነው።

ማርች 6፣ ዓርብ

አወቅኩት።

ማታ በርሜሉን ልከድን ስወጣ አክስቴ የሊዮስቤልን ብርጭቆ ይዛ በርሜሌ ላይ አጎንብሳለች።

"አክስቴ! ምን እየሠራሽ ነው?"

"እእእ… ውኃ ልቀዳለት።"

"ከዚህ? ከዳቦ ቤቱ አልነበረም የምታመጪለት?"

የዳቦ ቤቱ ቧንቧ ከትልቁ መስመር ላይ ስለሆነ ውኃ አይቋረጥበትም። ዳቦ ጋጋሪው ለሰው አይሰጥም፤ ለሟች ብርጭቆ ከሆነ ግን አንድ ጠርሙስ አይከለክልም። በሰፈራችን ሟች የበዛው ለዚህ ነው።

"ዳቦ ቤቱ ዱቄት አልቆ ከተዘጋ ሳምንት ሆነው። ለእናትህ አልነገርኳትም፤ ትጨነቃለች ብዬ። ያንተ ውኃ ደግሞ እንዴት ጥርት ይላል! አክብሬው ነው እኮ።"

ገባኝ። ከቧንቧ በኃይል የሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ አየር ይዞ ይመጣል፤ ብርጭቆ ውስጥ ሲያድርና ሲሞቅ አየሩ ይወጣና ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የእኔ ውኃ ደግሞ ስንት ቀን ቆሞ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ጨርሷል። ለዚህ ነው በርሜል ያስቀመጥኩት። ደህና አድርጌ ስላዘጋጀሁት ነው አረፋ የሌለው።

ለአክስቴ አልነገርኳትም። ለእማ ልነግራት በሩ ድረስ ሄድኩ። "እማ፣ ሊዮስቤል አልተቀየመም፤ የውኃው ጉዳይ ነው" ብል የዛሬው ብቻ አይደለም የሚፈርሰው። የእነዚያ ሁሉ ጠዋቶች አሥራ አንድና አሥራ አራትም አየር ብቻ ይሆናሉ።

እኔም እቆጥር ነበር። እማ ሳትነሳ። ለነገሩ ለማጣራት ያህል ነው።

ማርች 7፣ ቅዳሜ

ትላንት ማታውኑ ዳይሚን አማከርኳት። "ንገራት" አለች። "ወይ አረፋ ሥራላት።"

ሁለተኛው ቀለለኝ። ዛሬ ንጋት ላይ የአክስቴን ቦርሳ ከፍቼ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚፈላውን የሆድ ኪኒን ወሰድኩ። ሩቡን ብቻ ልጨምር ነበር። እማ ስትነሳ ሰማሁ፣ ደነገጥኩ፣ ሙሉው ገባ።

ብርጭቆው እንደ ቢራ ተነሳ። ነጭ አረፋው ሞልቶ በመደርደሪያው ላይ፣ ከዚያም በሊዮስቤል ፎቶ ላይ ወረደ። እማ በሩ ላይ በሌሊት ልብሷ ደርቃ ቀረች።

"ኤልፒዲያ! ኤልፒዲያ! ልጄ ምን ሆነ?"

አክስቴ በአንድ ጫማ ደረሰች። አየችው። ጠጋ ብላ አሸተተችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

"ሚግዳሊያ" አለች ቀስ ብላ፣ "ሊዮስቤል ሆዱን አሞታል።"

"ምን በልቶ?" አለች እማ።

ያ ቡና ነው ተባለ። አክስቴ ቡናውን አነሳችና በምትኩ የሎሚ ቅጠል አፈላችለት። እማ ግን ጭራሽ ባሰባት፤ ልጄ እዚያም ያመዋል ብላ ቀኑን ሙሉ አለቀሰች። ውኃ እንኳ አልወሰደችም።

እኔ ነኝ ያስለቀስኳት። ለአማት ሰባት ዓይነት ጥንቃቄ አውቃለሁ፤ ለእናቴ ግን ያገኘሁትን ነገር ጨመርኩባት።

ማርች 8፣ እሑድ

በጩኸት ነቃሁ።

እማ መደርደሪያው ፊት ነች። አክስቴ ተንበርክካለች። ብርጭቆው ውስጥ ዐይን ብቻ የምትመስል ትንሽ ነገር ወደ ላይ ትወጣለች፣ ወደ ታች ትወርዳለች፣ ዞራ ታየናለች።

"መጣ!" ትላለች አክስቴ። "ይኸው፣ በአካል መጣ! ዓሣ ሆኖ መጣ!"

እማ ፊቷን ወደ ብርጭቆው አስጠጋች። እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም። "አንተ ነህ?" አለችው በሹክሹክታ። "እናትህን ልታይ መጣህ?"

ትንሿ ዓሣ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች።

ዝም ልል እችል ነበር። ደስ ብሏታል። ግን ጫጩት በብርጭቆ ስንት ቀን ትኖራለች? ነገ ብትገለበጥስ? እማ እሱን ሁለተኛ ልትቀብር ነው።

"እማ" አልኩ። "ጉፒ ናት።"

"ምን?"

"ጉፒ ናት። ከበርሜሉ ነው የተቀዳችው። አክስቴ ከዳቦ ቤቱ ማምጣት ትታ ከዓሣው በርሜል ነው የምትቀዳው። አረፋ የጠፋው ውኃው ስለቆየ ነው። አረፋው አየር ነው እማ። ድሮም አየር ነው።"

አክስቴ "አንተ ልጅ!" አለች ገና ተንበርክካ።

እማ ቀስ ብላ ቀና አለች። የምትወድቅ መስሎኝ ክንዷን ያዝኩ። ክንዷን ነጠቀችኝ።

"ለልጄ" አለች፣ "የዓሣ ውኃ ነው የምታጠጡት?"

"ሚግዳሊያ፣ ንጹሕ ነው፤ ይሄ ልጅ እኮ…"

"ዓሣ የሚጸዳዳበት ውኃ! ሳምንት ሙሉ! አንቺ፣ ታላቄ ነሽ ብዬ ቤቴን አምኜ ሰጥቼሽ! ዳገቱን ወጥተሽ፣ ከሌላ ሰፈር ለምነሽ አንድ ብርጭቆ ማምጣት አቃተሽ? ሲጋሩን ግን ከየትም ታመጪዋለሽ!"

ድምፅዋ ከዲሴምበር ወዲህ እንዲህ ወጥቶ አያውቅም። ከማዶ መስኮት ተከፈተ።

"አንተም!" ወደ እኔ ዞረች። "አየር ነው ትለኛለህ? አርባ አንድ ያመጣህ ሰውዬ! ነፍስ ታዲያ ከምን የተሠራች መሰለህ፣ ከሲሚንቶ?"

 

ብርጭቆውን አንስታ ሰጠችኝ። "ውሰዳት፣ እናቷ ጋ መልሳት። እየተንቀጠቀጠች ነው፣ አታይም?" መልሻት ስመጣ እማ ወጥ ቤት ገብታለች። ስትራመድ ትንገዳገዳለች፣ አፏ ግን አያቆምም። የትላንቱን የሩዝና የጥቁር ቦሎቄ ድስት ከፈተች፤ ከጎኑ የተጠበሰ ሙዝ አለ። ቆማ፣ በትልቁ ማንኪያ፣ ከድስቱ መብላት ጀመረች። እያወቀችው አይመስለኝም። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ስድብ። ስለ ሲጋር፣ ስለ ሳፋ፣ አንድ ሳምንት ተብሎ ስለመጣ ሰው።

ተከትላን የገባችው አክስቴ ልትመልስ አፏን ከፈተች። እግሯን ረገጥኩት። እማን አየቻት፣ ማንኪያውን አየች፣ አፏን ዘጋች።

ግን ስድብም ያልቃል። ድምፅዋ መቀዝቀዝ፣ ማንኪያውም መዘግየት ጀመረ። ድስቱ ገና ግማሽ ነው።

"እማ" አልኩ፣ "ያ የትላንቱ አረፋ… የሆድ ኪኒን ነው። እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

"ምን አልክ?" ማንኪያው ተነሳ። "ለሞተ ወንድምህ ኪኒን?"

"ከአክስቴ ቦርሳ ሰርቄ።"

"ሌባም ሆንክ!" ሁለት ጉርሻ።

"ከፈተናም ሆዴን አመመኝ ብዬ ወጥቻለሁ።" አንድ ጉርሻ። "በሩ ላይ ያለውን መስታወት የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ የጎረቤት ድመት አይደለችም።" ሙዙን አነሳች። አክስቴ ገባትና ከጎኔ ቆመች፤ የእማን የጆሮ ጌጥ ተውሳ እንደጣለች፣ የገና ኬኩን ለብቻዋ እንደበላች ተናገረች። እማ በንዴት ሳህን አውጥታ ጨልፋ ተቀመጠች።

የእኔ አለቀ። አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ ሌላ ጥፋት አጣሁ። ሳህኑ ላይ ደግሞ ገና ብዙ ሩዝ አለ።

ስለዚህ ያላጠፋሁትን ጀመርኩ።